ጉዳዩ፦ የኤሊዋን መድረስ ስለማሳወቅ

ይድረስ ለየሺዬ፣

«ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይመንናል። ይሄ ሰውዬ ግን ካርቱን ጀመረ።»

ይህን ያለችው ከኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ያለችው አልማዝ ናት። ደረጃው ላይ ለአንዲት ሴትዮ ስትነግራት በሬ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋት። ሐሜት ነው ብዬ አልተቀየምኩም፤ እንደ መረጃ ወሰድኩት። ዐረፍተ ነገሩን እንደ አራሚነት ልማዴ ሁለት ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም። መጠጡን አስቤበት ነበር፤ ጨጓራዬ አልፈቀደም። ምናኔውንም አስቤበት ነበር፤ ጉልበቴ እንኳን ገዳም ሦስተኛ ፎቅም በግድ ነው የሚያደርሰኝ። የቀረኝ ሦስተኛው ነው። እሱም የተጀመረው በራስሽ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ሪፖርቱን እንደሚከተለው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከተለያየን ሰባት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆነን። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ውሃ የሚመጣው አሁንም ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ጀሪካኖቹን ባንቺ ቅደም ተከተል እሞላለሁ፤ ቢጫው ይቀድማል፣ ሰማያዊው ይከተላል። ምክንያቱን ሳትነግሪኝ ሄድሽ፤ እኔም ለመቀየር ድፍረቱ የለኝም። በረንዳው ላይ ያለው ጤና አዳም ከሚገባው በላይ አድጓል። አልማዝ ሳታስፈቅድ እየመጣች ትቀጥፋለች፤ ይህም ከሐሜቷ ጋር ተደምሮ ጉርብትናችንን አጠንክሮታል። ልጃችን ሰላም ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ ሁለት መኪና ቀይራ ትመጣለች። ወጡን በየፕላስቲኩ ከፍላ ክዳኑ ላይ «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ» ብላ ትጽፍልኛለች። አንድ ጊዜ የማክሰኞን ሰኞ በላሁት። እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም፤ ያንቺ ልጅ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ሆስፒታል፣ ልትለዪኝ ሁለት ቀን ሲቀርሽ፣ ጠያቂዎቹ ወጥተው ብቻችንን ቀረን። በጣትሽ ጠራሽኝ። በቀኝሽ በኩል ወንበር ነበረ፤ አንቺ ግን ዞሬ በግራሽ እንድመጣ አመለከትሽኝ። ዞርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠብቀው ኑዛዜ ነው። እስክሪብቶ አወጣሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፅሽ ቀጥ ያለ ነበር፤ እንደ ታማሚ ድምፅ አልነበረም።

«ደምሴ፣ ኤሊዋን ተከታተልልኝ። ሐይቁ ጋ ትድረስ አትድረስ ትነግረኛለህ። ያ ቁራም ይልቀቃት አይልቀቃት።»

ጻፍኩት። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። «ኤሊ። ሐይቅ። ቁራ።» ይላል። አንዲት ነርስ በትከሻዬ አሻግራ አነበበችውና፣ ለኔም ወንበር አምጥታ «አባባ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

መናዘዝ ካለብኝ፣ ያን ጊዜ ስለየትኛው ኤሊ እንደምታወሪ የማውቀው በግማሽ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ያንን የልጆች ፊልም ስትከፍቺ እዚያው ሶፋ ላይ ነበርኩ፤ ፊቴ ላይ ግን መጽሐፍ ነበረ። እንዳልረበሽ ብለሽ ድምፁን ትቀንሽልኝ ነበር። እኔም ጨዋነትሽን በልቤ እያመሰገንኩ አነብ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ከመጽሐፉ በላይ አየሁሽና «የሺ፣ ስድሳ ዓመት ሞላሽ እኮ» አልኩሽ። «ስድሳ የሞላው ዐይን የለውም?» አልሽኝ። ወደ ገጼ ተመለስኩ።

ከቀብር መልስ ሰላም ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበሰችው፤ ለቅሶ ቤት ነውና አርባ እስኪወጣ ድምፁ ሊሰማ አይገባም። የእድሩ ፍራሾች ወለሉ ላይ ተነጥፈዋል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ የሟች ቃል ይዣለሁ። ፊልሙ ለለቅሶ ብሎ አይቆምም። ልጃችንን ባማክራት «አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ነው የምትለው፤ ሰው ምን እንደሚል አስቀድሜ ነግሬሻለሁ።

መፍትሔው የመጣልኝ ከሠልስት ማግስት ነው። ዐሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ሲል ለቀስተኛው ገና ከሥራ አልመጣም። ድምፁን እስከ ዜሮ አወረድኩና የነጠላውን ጫፍ ገልጬ ራሴን ከውስጥ አስገባሁ። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብተው «አትነቃነቁ» ይሉ የነበረውን ታስታውሺያለሽ? እንደዚያ። አልማዝ ንፍሮ ይዛ ስትገባ ያገኘችኝ እንዲህ ሆኜ ነው፤ ተንበርክኬ፣ ግማሽ ሰውነቴ ነጠላ ውስጥ። መጀመሪያ የማለቅስ መስሏት አብራኝ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በነጠላው ሥር ሰማያዊ ብርሃን አየች። ንፍሮውን አስቀምጣ ወጣች።

ልቤ ስላላረፈ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ማየት ኃጢአት ነው?»

«ምን ታይበታለህ?»

«ኤሊ።»

«ድምፅ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እንግዲህ ኤሊም ፍጥረት ናት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ያዝ አድርገው «ደረሰች?» አሉኝ። ገና መሆኗን ነገርኳቸው። «ትዕግሥቱን ይስጣት» አሉ።

እንግዲህ በእነዚያ ያለድምፅ ባለፉ ቀናት የተረዳሁትን እነሆ። ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም፤ ዛፎቹ የኛ አይደሉም። አንዲት ያረጀች ኤሊ አለች። ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ቅርፊቷ ላይ አስራ ትሄዳለች። የምትሄደው ወደ አንድ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁን አንዳንዴ ሕልሟ ውስጥ ያሳዩናል። ጀርባዋ ላይ መነጽር ያደረገ ቁራ ቆሟል። አፉ አይገጥምም። በክንፉ ወደ ቀኝ ያመለክታል፣ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ገደል ትገባለች። ትወጣለች። እንደገና ያመለክታል። በየክፍሉ አንድ ጊዜ ቆም ትልና ወደ ላይ አንጋጣ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ ዐይኗ ውስጥ የሚታየውን ነገር የሣለው ሰው ደመወዙ በዝቶበታል ብዬ አላምንም።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ቁራው አሳዳጅ ነው። ምናልባት ከቤቷ ያፈናቀላት እሱ ይሆናል። ልትሸሸው ትሞክራለች፤ ነገር ግን የቆመው ጀርባዋ ላይ ስለሆነ መሸሹ አልተሳካላትም።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ቃልሽ ከዚህ ጋር በትክክል ገጠመ፦ ይልቀቃት አይልቀቃት። በሕይወቴ እንዲህ በግልጽ የገባኝ ድርሰት ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ዘነበች መጣች። ክር ፋብሪካ ከጎንሽ ባለው ማሽን ሃያ ሁለት ዓመት የቆመችው ዘነበች። አሁን ጭራሽ አትሰማም፤ የልጇን አፍ እያየች ነው የምትግባባው። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየችና ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ወደ ነጠላው ስቁነጠነጥ አየችኝ። ተነሥታ ነጠላውን እስከ ግማሹ ገለበችው፤ ድምፅ እንደሌለው ብነግራት «ድምፅ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። አብረን አየን። ኤሊዋ ገደል ስትገባ ሳቀች፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። የሳቀችው በትክክል አንቺ ትስቂበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ሳቅሽን ሳነብ በጆሮዬ ስለማውቀው አልሳሳትም።

ከዚያ ቁራው መናገር ሲጀምር ዘነበች ሁለት ጣቷን አክብባ ዐይኗ ላይ አደረገች።

ይህን ምልክት ዐውቀዋለሁ። እንግዳ ቤት መጥቶ እኔ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሰዋስው ማስረዳት ስጀምር አንቺ ለዘነበች ታሳዪያት የነበረው ነው። እኔ ሁልጊዜ «የተማረ ሰው ነው» ማለት ይመስለኝ ነበር። እንደውም ሳየው ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። ዘነበችን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አፌን አይታ ተረዳችኝ።

«ፎርማኑ መጣ» አለችኝ። «ማሽኑ ጩኸት ስለነበረው በእጅ ነበር የምንነጋገረው። ክር ሲበጠስ እንዲህ ነው፣ ውሃ ጠማኝ እንዲህ፣ ፎርማኑ ከመጣ ደግሞ መነጽር። መነጽር ያደርግ ነበር። መጥቶ ማውራት ሲጀምር ማብቂያ የለውም። ምንም አይሰማንም፤ ራሳችንን እየነቀነቅን ሥራችንን እንሠራ ነበር።»

ሻይ አቀረብኩላት።

አርባሽ በሥርዓት ወጣ። ሰላም ነጠላውን አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ እኔም ድምፁን ከፈትኩ። የሺዬ፣ ግራ መጋባቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቁራው አሳዳጅ አይደለም። ድምፁ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው፤ ለስላሳ፣ እንደ ደግ መምህር ያለ ድምፅ። ኤሊዋ ሐይቁን የምታውቀው በልጅነቷ ስለሆነ መንገዱ ጠፍቶባታል፤ ቁራው ደግሞ ስለ ወንዞች ብዙ ያነበበ ነው። በነጻ ሊመራት ከጎጆው የወጣ ነው። ገደሉ ያለው በግራ ነው፤ ቁራው «በቀኝ» ይላል፣ እሷ ናት ሳትሰማው በግራ የምትሄደው። እኔ ያለድምፅ ሳየው ቀኝና ግራው እንዴት እንደተምታታብኝ አላውቅም። «ጓዴ» ትለዋለች። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ምክር ይሰጣታል፤ ምክሩ ላይ የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁም። አንድ ቀን ስለ ዝናብ አመጣጥ እያስረዳት ሳለ ዐይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ቁራ ያላት ኤሊ የታደለች ናት ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ያለፈውን በሙሉ በቀይ ሰረዝኩት።

ከዚያ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ያ ቁራም ይልቀቃት አይልቀቃት።

እንዴት ነው ነገሩ? አራት ዓመት ከፊትሽ ሆኖ ያየሽው ይህንን ደግ ቁራ ከሆነ፣ ለምን እንዲለቃት ፈለግሽ? ወይስ ቃሉን የተረዳሁት ተሳስቼ ነው? «ይልቀቃት» ያልሽው «እንዳይለቃት» ፈርተሽ ይሆን? ዐረፍተ ነገሩን ወደዚያም ወደዚህም አገላበጥኩት፤ ሁለቱንም ይሸከማል። ሥራዬ የሌላ ሰው ጽሑፍ ምን ለማለት እንደፈለገ ማወቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የስንቱን ደራሲ ሐሳብ ከራሱ ከደራሲው በላይ አውቄ አቃንቻለሁ። የሚስቴን ሦስት ዐረፍተ ነገር ግን ማቃናት አቃተኝ።

ሰላምን ጠየቅኋት። ድስት እየፈገፈገች «አባዬ» አለችኝ፣ «እማዬ እኮ ካርቱን ነው ያየችው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምሳህን በልተሃል?» አለች። ጥያቄዬ ከምግብ እጥረት የመጣ መስሏታል።

የነፍስ አባታችን «ምናልባት በራሷ እግር እንድትደርስ ፈልጋ ይሆናል» አሉ። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እሳቸው ፊልሙን አላዩትም፤ ሳያዩ ደግሞ ስለ ኤሊ መፍረድ ይከብዳል። እንዲያዩት ጋበዝኳቸው። ሰዓቱ ከሠርክ ጸሎት ጋር ይጋጫል አሉኝ።

አልደብቅሽም፣ በዚህ መሀል ትንሽ ተቀይሜሽ ነበር። ስለዚህ ቁራ አንድም ቀን አላነሣሽልኝም። እኔ እኮ የማነበውን ሁሉ አካፍልሽ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ እንልና እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ምስር ትለቅሚያለሽ። የነገሥታቱን ታሪክ በሙሉ አንብቤልሻለሁ። የሩሲያኖቹን ወፋፍራም ልብ ወለዶች፣ ስሞቹ እየተምታቱብን፣ አንብቤልሻለሁ። ስለ ዐረፍተ ነገር ነጥብ አጠቃቀም የተጻፈች መጽሐፍ እንኳን አልቀረችሽም። አንድም ቀን አቋርጠሽኝ አታውቂም። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ራስሽን ነቅነቅ ታደርጊ ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ጥሩ ነው» ትያለሽ። ማተሚያ ቤት ላሉት ጓደኞቼ እኮራብሽ ነበር፤ «የእናንተ ሚስቶች ጋዜጣ አያስነብቧችሁም፤ የኔዋ ስድስት መቶ ገጽ ሳታዛጋ ታዳምጣለች» እላቸው ነበር። ይቀኑብኝ ነበር። ዐይናቸው ላይ አይቼዋለሁ።

ሌላም ሌላም ትዝ ይለኛል። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በክንዴ ይዘሽ በግራሽ በኩል ታዞሪኝ ነበር። ሳሪስ ገበያ ውስጥ፣ በዚያ ግፊያ መሀል፣ ተሳስቼ በቀኝሽ ከዞርኩ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ፤ እስክመለስ አትንቀሳቀሺም። ከመኪና የምትጠብቂኝ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ያለበት በኩል የምታዞሪኝ ጊዜም ነበረ፤ ያኔ ደግሞ ሐሳብ ይዞሽ ነው እል ነበር።

ብቻ ወደ ኤሊዋ ልመለስ።

ባለፈው ሳምንት «ቅዳሜ የመጨረሻው ክፍል» ብለው አስታወቁ። ቅዳሜ ከሰዓት ታጥቤ፣ ደብተሬን አዘጋጅቼ፣ ወረቀትሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ። የኛ ብሎክ ብቻ። በመስኮት ሳይ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ግሮሰሪ መብራት አላት። ሰላም ገና ገብታ ነጠላዋን ስታወልቅ «የት ልትሄድ ነው?» አለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። እነዚያን ደረጃዎች እንዲያ ወርጄ አላውቅም።

ግሮሰሪው በጎረምሳና በጎልማሳ ሞልቷል። የእንግሊዝ ኳስ እያዩ ነው። ባለቤቱን ከድርን ታውቂዋለሽ፤ ስኳር ሲመጣ በፊት ለኛ የሚያስቀምጥልን የስልጤው ልጅ፣ አሁን ሱቁን አስፍቶ ግሮሰሪም ጨምሯል፤ እሱ ራሱ የሚጠጣው አምቦ ውሃ ነው። በጆሮው ጉዳዬን ነገርኩት። ደነገጠ።

«ጋሼ፣ አሁን? ኳስ ላይ?»

«የሟች ቃል ነው» አልኩት።

ከድር ወንበር ላይ ወጣና እጁን አነሣ። «ስሙኝማ! የእትዬ የሺ ባለቤት ናቸው። ሟች የተናዘዙት ፊልም አለ። ለዕረፍት ሰዓት እንልቀቅላቸው ወይ?»

ቤቱ የእድር ስብሰባ መሰለ። አንዱ ከኋላ «ፊልሙ ምንድነው?» አለ። ውሸት አይሆንልኝም፤ ስለ ኤሊ እንደሆነ ተናገርኩ። «መንፈሳዊ ነው?» አለ ሌላው። «በከፊል» አልኩት። እጅ ወጣ። በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ወንበር ለቀቁልኝ።

ዕረፍት ሲወጡ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖት፣ ጣቢያው ተቀየረ። የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት አገኘናት። ድምፁ ግን የለም። የከድር ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ኳስ ድምፅ አያስፈልገውም ብሎ ትቶታል። እንደገና ወደ አርባው ቀን ተመለስኩ።

ስለዚህ የማቀርብልሽ በዐይን ያየሁትን ብቻ ነው። ኤሊዋ ኮረብታ ላይ ትወጣለች። ቁራው ጀርባዋ ላይ ነው፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዱ ልጅ «ፋዘር፣ ይቺ ኤሊ ተከላካይ ናት?» ብሎ አሳቃቸው። ከኮረብታው ማዶ ሐይቁ ታየ። በሕልሟ ከነበረው ያንሳል፤ ግን ሐይቅ ነው። ሳቁ ቆመ። ኤሊዋ ዳርቻው ላይ ቆመች። ቁራው ከጀርባዋ ወርዶ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ክንፉን ዘረጋና መናገር ጀመረ። ረጅም ንግግር ነው። ኤሊዋ ፊቱን እያየች ራሷን ነቀነቀች። ተናገረ፤ ነቀነቀች። ቋጠሮዋን ፈታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ነቀነቀች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ውሃው ውስጥ ገባች። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ እየተናገረ ነበር። ውሃው ቅርፊቷን እስኪሸፍን ድረስ አልቆመም። ጨርሶ ዐይኑን ሲገልጥ ቋጠሮው ብቻ ነበር የቀረው። ቋጠሮው አጠገብ ተቀመጠ። አለቀ።

ተከላካይ ናት ያለው ልጅ «ፋዘር፣ ምን ነበር የሚላት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ድምፅ የለውም።»

ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

እንግዲህ ለጥያቄዎችሽ መልስ። አንደኛ፣ ደርሳለች። ሁለተኛ፣ ቁራው አልለቀቃትም፤ እሷ ናት ጥላው የገባችው። ይህ የፈለግሽው ዓይነት መልስ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደስ ይበልሽ አይበልሽ፣ እኔም ደስ ይበለኝ አይበለኝ፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ለነፍስ አባታችንም ነግሬያቸዋለሁ፤ «ተመስገን፣ ቁራውስ?» አሉኝ። እዚያው ተቀምጧል አልኳቸው። ጣቢያው ከሰኞ ጀምሮ ፊልሙን ከመጀመሪያው እያሳየ ነው፤ ከታገሥኩ የመጨረሻውን ንግግር ከነድምፁ እሰማዋለሁ። መስማት እንደምፈልግ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ስለ ውሃ ጥልቀት ይሆናል።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ዘግቼ፣ ለሙት ዓመትሽ መቃብርሽ ጋ መጥቼ ጮክ ብዬ ላነብልሽ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ትናንት ሰላም በስልክ ለመቃብርሽ ሐውልት የሚሆን ፎቶ ፈልግልኝ ብላኝ ያንን የቆርቆሮ ሳጥንሽን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ፎቶውን አገኘሁ፤ አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የፋብሪካ ሽርጥሽን እንዳደረግሽ፣ እየሳቅሽ። ከፎቶው ሥር የፋብሪካው ክሊኒክ ካርድ ነበረ። የጆሮ ምርመራ ነው። የሐኪሙ ጽሑፍ መጥፎ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የባሰ አንብቤ ዐውቃለሁ። «ቀኝ ጆሮ፦ አይሰማም። ግራ ጆሮ፦ በከፊል፣ ከቅርብ ለሚናገር ብቻ» ይላል። ካርዱ የተጻፈው ገላን ኮንዶሚኒየም ከመግባታችን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ካርዱን ይዤ ቁጭ አልኩ። የያንዳንዱን ቀን ነገር ሁሉ እንደገና ማንበብ ነበረብኝ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አራት ዓመት ያየሽው ያለድምፅ የሆነውን ፊልም ነው። የመጀመሪያው ደብተሬ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ቀዩን ስርዝ አሁን በምን እንደማጠፋው አላውቅም።

አልረሳሽም፣ የሺዬ። ጀሪካኖቹን በተራቸው እሞላለሁ፤ ጤና አዳሙን አጠጣለሁ፤ ዐሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ድምፁን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ለሙት ዓመትሽም ስመጣ በግራሽ ቆሜ፣ ጠጋ ብዬ፣ ባጭሩ ነው የምነግርሽ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ይቅር። ማታ ማታ ሳነብልሽ ሶፋው ላይ እኔ ሁልጊዜ በቀኝሽ ነበርኩ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ገላን የገባን ዕለት፣ የወሰንሽው አንቺ ነሽ።

ያንተው፣ ይቅርታ፣ ያንቺው
ደምሴ